የአውቶፓርኮው ቡጢ

ባለፈው ጥቅምት የልጅ ልጄ ሰላም «ፊልም ላሳይሽ» ብላ ከቤት አወጣችኝ። እኔ ፊልም ብዙም አይሆንልኝ፤ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የሰው ትዳር ሲፈርስ ማየት ምን ይሠራልኛል? እሷ ግን የሠሩት የጎንደር ልጆች ናቸው፣ ከየኪሳቸው አዋጥተው ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አላየላቸውም፣ ደግሞም የናንተ ዘመን ነው ብላ ነዘነዘችኝና ነጠላዬን አጣፍቼ ተከተልኳት። የሚያሳዩት ፒያሳ አንድ ሕንፃ ላይ ባለ የስብሰባ አዳራሽ ነው። ወንበሩ የፕላስቲክ ነው። የመጣው ሰው አንዲት የእድር ድንኳን አይሞላም፤ ግማሹም የተዋናዮቹ ዘመድ ነው መሰለኝ፣ አንዱ ብቅ ባለ ቁጥር ስሙን እየጠሩ ያጨበጭባሉ። ፊልሙ ስለ ቡጢ ነው። ጣሊያን በወጣ ማግሥት ጎንደር ውስጥ ጎረምሶች ጓንት ሳያጠልቁ በባዶ እጃቸው ይቧቀሱ እንደነበር ያሳያል። አንድ ድኻ ልጅ አንድ ግዙፍ ሰው መትቶ ይጥላል፣ አንዲት ቆንጆ ታለቅሳለች፣ ልጁ ማኪና ላይ ተሳፍሮ ወደ አሥመራ ይሄዳል፣ ክራር ይመታል፣ አለቀ።

ልጆቹ ደክመዋል፤ አልነቅፋቸውም። ግን ተቧቃሾቹን ነጭ ሸሚዝ አልብሰዋቸዋል። ያኔ ሸሚዝ ለብሶ የሚደባደብ ሰው አልነበረም። ደህና የካኪ ሸሚዝ ያለው ሰው ትልቅ ሰው ነው፤ ማን በደም ያበላሸዋል? አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ ለሚያምነው ሰው ያስይዛል እንጂ። ደግሞ ጡጫው ሲያርፍ የጠመንጃ ድምፅ አድርገውታል። ጡጫ እንዲያ አይጮህም። ቀሃ ወንዝ ወርዳ ልብስ ያጠበች ሴት ታውቀዋለች፤ እርጥብ ጋቢ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ ነው። ሰላም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እምዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር እውነት ነበረ?» አለችኝ። ነበረ አልኳት። «አይተሽ ታውቂያለሽ?» አንድ ጊዜ አልኳት። ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ የነገርኳትን ሰምታ ጻፊው ብላ ስላስቸገረችኝ ነው አሁን የምጽፈው። ፊደል አባቴ ናቸው ያስቆጠሩኝ፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ያኔ አውቶፓርኮ ዛሬ እንደምታዩት ቤት በቤት ላይ የተደራረበበት ሰፈር አልነበረም። ጣሊያን የጭነት ማኪኖቹን ያቆምበት የነበረ ሰፊ ሜዳ ነው። ሲወጣ የሚነዳውን ነድቶ፣ የማይነዳውን ጥሎ ሄደ፤ የፊያት ሬሳ፣ ጎማ የሌለው ቸርኬ፣ የተበሳ በርሜል ሜዳውን ሞልቶት ነበር። ምድሩ ራሱ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ክረምት ዝናብ ሲመታው የሚያወጣው ሽታ እስከ ገበያው ድረስ ይደርሳል፤ እስከ ዛሬ ጋራዥ ደጃፍ ባለፍሁ ቁጥር ያ ዘመን ይመጣብኛል። በየማዕዘኑ ሰው አዲስ ነገር ይሞክር ነበር። ካንድ በርሜል አናት ላይ ሻይ የሚያፈላ አለ፤ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ የሚቆርጥ አለ፤ አቡጀዲ በክንድ እየለካ የሚሸጥ አለ። በስሙኒ ሻይና ፓስቲ ጠግበህ መልስ ይተርፍሃል። ጎረምሶቹ ከላይ የወታደር ኮት፣ ከታች ተፈሪ ሱሪ፣ በእግራቸው ባዶ ሆነው ፀጉራቸውን በቅቤ ወደ ጎን አበጥረው ይንጎራደዳሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቡጢ አለ። ያመጡት አሥመራ ጋራዥ የሠሩ ሾፌሮችና ረዳቶች ናቸው። አሮጌ ጎማ ክብ አድርገው ይደረድራሉ፤ ሁለት ሰው መካከል ይገባል፤ አገር ለቆ ያልሄደ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን መካኒክ ይዳኛል። አንዱ ሲወድቅ ጣሊያኑ ጣቱን እያነሣ «ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ» ብሎ እስከ ዐሥር ይቆጥራል፤ ሕዝቡም አብሮ ይቆጥራል። ጎንደር ከጣሊያን ትምህርት ቤት ሳይገባ የጣሊያን ቁጥር የለመደ ሰው ሁሉ እዚያ ነው የለመደው።

ወንድሜ ጥበቡ ዲያቆን ነበር። አባታችን መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ ያስተምራሉ። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተችብን ቤቱን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ የዚያን ጊዜ ለትዳር የደረስኩ ልጅ ነኝ። ጥበቡ በዕድሜ ብዙም አይበልጠኝ፤ በቁመት ግን ከበር ዝቅ ብሎ ነው የሚገባ። ድምፁ ሸጋ ነው። ማሕሌት ላይ ሲቀበል ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። ወደ ቡጢው የገባው በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን በአውቶፓርኮ በኩል ሲያልፍ አንድ ሾፌር «ቁራሽ ለማኝ» ብሎ ሰደበው፤ ጥበቡም መጽሐፉን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ተመለሰና ባንድ ጡጫ ዘረረው። ሰው ጮኸ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ማሕሌት ላይ የማይገኝ ዓይነት ደስታ ነው አለኝ በኋላ። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሶ ሄደ፤ በሚቀጥለውም። ባንድ ዓመት ውስጥ ያልጣለው የከተማ ሰው አልቀረም፤ «ዲያቆኑ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። ጠጅ ቤት አዝማሪ ሳይቀር ዘፈነለት፤

ጠመንጃ ሳይተኮስ ሳይመዘዝ ጎራዴ፣
በባዶ እጁ ገባ ያ ደፋር ዘመዴ።

ይህን ግጥም ቀሃ ልብስ ሳጥብ ሴቶች ሲያንጎራጉሩት ሰምቼ ስለ ማን እንደሆነ ሳላውቅ አብሬ አንጎራጉሬአለሁ።

አባቴ ያወቁት በእጁ ነው። አንድ በዓል ማሕሌት ላይ ጥበቡ መቋሚያ ሲያነሣ ጣቶቹ አልታጠፍ ብለውት አዩ። ቤት ሲገቡ ጥምጥማቸውን ፈተው አስቀመጡና፣ «እጅህን ምን ነካው?» አሉት።

«እንጨት ስፈልጥ ነው አባቴ።»

አባቴ እጁን ይዘው ወደ ብርሃን አቀረቡት። «እንጨቱ ጥርስ ነበረው?»

እኔ ሳቄ መጣና ወደ ጓዳ ገባሁ፤ አባቴ ግን አልሳቁም። «ደም ያፈሰሰ እጅ ጽዋ አይነካም» አሉት። «ክህነት ከፈለግህ ተው። ካልፈለግህም ንገረኝ፤ ለሌላ ልጅ ጊዜዬን ልስጥ።» ጥበቡ እሺ አለ። ነገር ግን ለእኔ ለብቻዬ፣ «አንድ ብቻ ቀርቶኛል፤ እሱን ሳልገጥም ብተው ፈርቶ ነው ይሉኛል» አለኝ።

ያ አንዱ አስማረ ነው። የዛሪማ ሰው ነው፤ በአሥመራ መንገድ የሚመላለስ የአንድ ፊያት ረዳት። የረዳት ሥራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሊማሊሞን የወጣ ያውቀዋል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ገደል ለገደል ነው፤ ማኪናው ሲያቅተው ረዳቱ እየዘለለ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ይወሽቃል፣ ሲንቀሳቀስ ድንጋዩን አንሥቶ ይሮጣል። በዚህ ሥራ አስማረ ትከሻውና ክንዱ እንደ ወይራ ግንድ ሆኗል። ቁመቱ አጭር ነው። ግራኝ ነው። አሥመራ ጋራዥ ውስጥ ከመካኒኮች ተምሮ ቡጢን እንደ ሙያ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው ይባላል። ሁለቱን ለማጋጠም አውቶፓርኮ ጾሙን ሙሉ ሲያወራ ከረመ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ሆነ።

አባቴ የዚያን ለት ለተዝካር አዘዞ ተጠርተው ሄደዋል። ጠላ ሻጭ ካልሆነች ሴት ወደዚያ አትሄድም ነበር፤ እኔ ግን ጠላ ለመሸጥ የምትሄድ ጎረቤታችንን እንስራ ላግዝሽ ብዬ ተከተልኳት፤ ከአንድ የተሰበረ ማኪና ላይ ወጥተን ቆምን። ጥበቡ እኔን ሳያይ ገባ። ሸሚዙን አውልቆ ለጓደኛው ሰጠ፤ አማተበ። አስማረም አማተበ። መጀመሪያ ጥበቡ ነው የበረታ። ክንዱ ረጅም ስለሆነ ከሩቅ እየመታ አስማረን ወደ ጎማዎቹ ገፋው፤ ከንፈሩንም ከፈለው። ሕዝቡ «ዲያቆኑ! ዲያቆኑ!» ይላል፤ እኔም በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ እላለሁ። አስማረ ግን አልቸኮለም። አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ እየተቀበለ፣ ጥበቡ እስኪደክም ይጠብቃል። ጥበቡ ሲተነፍስ ድምፁ እኔ ያለሁበት ድረስ መሰማት ጀመረ። ከዚያ አስማረ ዝቅ ብሎ ገባና በግራ እጁ ጆሮ ግንዱን አገኘው። አንድ ጡጫ ናት። ጥበቡ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ፤ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ከጎማዎቹ መካከል የተጋደመ የብረት ቸርኬ ላይ አረፈ። ጣሊያኑ መቁጠር ጀመረ፣ ሕዝቡም አብሮ። ግማሽ ሳይደርሱ ደሙ ሲወርድ አየሁና ከማኪናው ላይ ዘለልኩ። ጣሊያኑም መቁጠሩን ተወ።

ሜዳው እንዴት እንደጸዳ አላውቅም፤ ያ ሁሉ ሰው በቅጽበት ጠፋ። የቀሩት ጥቂት ጓደኞቹ ናቸው፤ በአንድ የማኪና በር ተሸክመው ቤት አመጡት። አስማረ አንዱን ጫፍ ይዞ እስከ ሰፈራችን መግቢያ እንደመጣ፣ ከዚያ ሰዎች «የልጁ ዘመዶች ይገድሉሃል» ብለው እንደመለሱት በኋላ ነው የሰማሁት። ሐኪም መጣ፤ ቁስሉን ሰፋ፤ ከዚህ በላይ በእጄ ያለ ነገር የለም፣ ውኃና አጥሚት በማንኪያ ስጡት፣ ጠብቁ አለን። ጥበቡ ዓይኑን አንዳንዴ ይገልጣል፤ ማንንም ግን አያውቅም። ማንኪያ ከንፈሩን ሲነካው ይውጣል፤ ሌላ ነገር የለም። አባቴ ከአዘዞ ተመልሰው አዩት። መደቡ ሥር ተቀምጠው ዳዊት መድገም ጀመሩ።

ወሬው ደባርቅና ዳባት ድረስ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። የእናቴ ወንድም አያ ደምሌ ከዳባት በበቅሎ መጣ፤ ምንሽሩን በትከሻው እንዳነገተ። ደገኛ ነው፤ ገበሬ ነው፤ ብዙ አይናገርም። የጥበቡን ፊት አየ፤ ወጣና ደጃፉ ላይ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «ይኼ ልጅ ቢሞት» አለኝ፣ «የእኅቴ ደም ውሻ ሲልሰው አልኖርም።» አስማረ በዚያው ሰሞን ወደ አሥመራ በሚነሣ ማኪና ይወጣል እየተባለ ይወራ ነበር። ሁሉም ቢሄድ ይሻላል የሚል ነው፤ እኔም ይሂድልን ነበር የምል።

አንድ ጠዋት አባቴ ቅዳሴ ላይ ሳሉ ከግቢው በር ውጭ «ስለ ማርያም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቁራሽ የሚለምን ተማሪ መስሎኝ ዳቦ ቆርሼ ወጣሁ። በሩን ስከፍት አስማረ ነው። ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ባዶ እግሩን፣ ወገቡን በነጠላ ታጥቆ አጎንብሶ ቆሟል። የተከፈለው ከንፈሩ ገና አልዳነም። ዳቦውን እንደያዝኩ፣

«ምነው መጣህ?» አልኩት።

«ወንድምሽ አለ?»

«አለ። አልነቃም።»

«ማኪናችን ሊነሣ ነው። ሾፌሩ ውጣ ብሎኝ ነበር» አለ። «ሂጄ ምን እሆናለሁ? የመታው ሰው ከሸሸ ደሙ ከዘመዱ ላይ ይፈለጋል። እኔ ነኝ። ራሴ ልቅረብ ብዬ ነው።»

አያ ደምሌ ከበርጩማው ተነሥቶ ምንሽሩን ሲያቀባብል ከኋላዬ ሰማሁት። «አንቺ ልጅ፣ ዘወር በይ» አለኝ። አልተንቀሳቀስኩም።

«አያ ደምሌ፣ ድንጋይ ተሸክሟል እኮ» አልኩት።

«አይቻለሁ። ሽማግሌ የታለ? ያለ ሽማግሌ የመጣ ድንጋይ ቢሸከም አምባ ቢሸከም ለኔ ያው ነው። ዘወር በይ ብያለሁ።»

እንዲህ እንደቆምን አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው መቋሚያቸውን ይዘው ከአስማረ ኋላ ደረሱ። ሦስታችንንም አዩ። «ደምሌ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገው፤ ከመሀል ልጄ አለች» አሉ። ከዚያ ዞረው አስማረን ከፊቱ መጡና፣ «ማን ነህ አንተ?» አሉት።

«አስማረ እባላለሁ። ልጅዎን የመታሁት እኔ ነኝ።»

«በምን መታኸው?»

«በእጄ።»

«በእጅህ ብቻ?»

«በእጄ ብቻ፣ አባቴ።»

«እሱስ መትቶህ ነበር?»

አስማረ ከድንጋዩ ሥር ቀና ብሎ ለማየት ሞከረ። «በደንብ አድርጎ» አለ።

ሁለት ጎረቤቶች ከአጥር በላይ ብቅ ብለው ያያሉ። አባቴም፣ «ድንጋዩን አውርድና ግባ» አሉት። «የጣልኸው አንተ ነህ፤ አስታመው። ከተነሣ በእግርህ ትወጣለህ።»

«ካልተነሣስ?» አለ አያ ደምሌ።

አባቴ ጫማቸውን አወለቁና ገቡ።

እንዲህ ሆኖ አስማረ ቤታችን ተቀመጠ። ከውስጥ እሱ፣ ከደጃፍ አያ ደምሌ ከነምንሽሩ። ሥራ ያውቃል። ጥበቡ ጀርባው እንዳይቆስል ያገላብጠዋል፤ ጨርቁን ይለውጣል፤ ያጥበዋል። አጥሚት ሲሰጠው አንገቱን በክንዱ ደግፎ፣ እስኪውጥ ጠብቆ፣ ሌላ ማንኪያ ይጨምራል። መጀመሪያ ማንኪያውን በቀኙ ነበር የሚይዝ፤ ግራ እጁ አብጦ ጣቶቹ አይታጠፉም። አንድ ቀን ዝም ብዬ ማየቱ አስጠላኝና ውኃ በጨው አሙቄ አቀረብኩለት። እጁን ሲነክር ፊቱን አዞረ። «ያማል?» አልኩት። «ይገባዋል» አለኝ። ከዚያ በኋላ መነጋገር ጀመርን፤ ስለ ሊማሊሞ ጭጋግ፣ ስለ ዛሪማ ሙቀት፣ አሥመራ ላይ ሴቶች ስለሚጫሙት ጫማ። አያ ደምሌም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ መቀመጥ ሰለቸው። ደመኛም ቢሆን ሰው ሰው ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ፊቱን ሳያዞር ከደጃፉ፣ «ዛሪማ ገበያ አሞሌ ስንት ገባ?» ብሎ ጠየቀው። አስማረ ነገረው። «ውድ ነው» አለ አያ ደምሌ። ከአንድ ገበታ ግን አልበላም አለ።

ከዚያ ጥበቡ ትኩሳት ያዘው። መዋጥም ተወ። የነፍስ አባታችን መጥተው ጸሎት አደረሱ፤ ጎረቤት ሳይጠራ መጥቶ ግቢው ውስጥ መቀመጥ ጀመረ፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አያ ደምሌ ምንሽሩን ፈታታና በጨርቅ ሲወለውል ዋለ። አስማረ በበሩ ክፍተት አየው። ከዚያ እኔን ጠርቶ፣ «ዛሪማ እናት አለችኝ፤ ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች» አለኝ። «ከሾፌሮች ለአንዱ ነግረሽ ላኪባት። ሸሽቶ አይደለም በያት።» እኔ ዝም በል ብዬ ተቆጣሁት። ለምን እንደተቆጣሁ ያን ጊዜ አልገባኝም። በጓሮ በኩል ማንም አይጠብቅም ነበር፤ ጓዳውም ወደ ጀርባ መውጫ አለው። «በጓሮ ውጣ» አልኩት። «አባትሽ ግባ እንጂ ውጣ አላሉኝም» አለና ጨርቁን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሮ ወደ ጥበቡ ግንባር ተመለሰ።

ትኩሳቱ የለቀቀው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አባቴ ዳዊታቸውን ይዘው፣ እኔ ቆሜ፣ አስማረ ፊቱን እየጠረገው ሳለ ጥበቡ ዓይኑን ገለጠ። እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም፤ አስማረን አየው፣ አወቀው።

«ስንት ደረሰ?» አለው።

«ምኑ?»

«ቆጠራው።»

ያን ሁሉ ጡጫ ተቀብሎ ያልወደቀው አስማረ መደቡ ላይ ተደፍቶ እንደ ሴት ልጅ ተንሰቀሰቀ። አባቴ ዳዊቱን ሳይከድኑ እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ አደረጉለት፤ በጥበቡ ላይ አይደለም፣ በአስማረ ላይ። አያ ደምሌ ከደጃፍ ገባ፣ ጥበቡን አየ፣ ጥይቱን ከምንሽሩ አውጥቶ ኪሱ ከተተ። «እንግዲህ ርቦኛል፤ እህል አምጪ» አለኝ። የዚያን ለት ከአስማረ ጋር ባንድ ገበታ በላ። ሲጨርስም እሱው ራሱ አስማረን አንድ ጊዜ አጎረሰው፤ ጉርሻው ግን ከጡጫ የማይተናነስ ነበር።

ጥበቡ እንደገና ለመራመድ ክረምቱን ፈጀበት። ቀኝ ጆሮው እስከ መጨረሻው አልሰማለትም። ክህነቱም ቀረ፤ አባቴ በቃላቸው ጸኑ፣ እሱም አልተከራከረ። ሲያስተምር ግን ደግ አስተማሪ ሆነ፤ ተማሪዎቹ በደህና ጆሮው በኩል ለመቀመጥ ይሻሙ ነበር፤ ሰነፎቹ በቀኙ በኩል። ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው። የአውቶፓርኮው ቡጢ በዚያው ዓመት ቀረ፤ ማንም አልከለከለም፤ ሰው ራሱ ሽሽት ያዘ። በኋላ ከተማው ውስጥ ሲኒማ ቤት ሲከፈት እሑድን ሲኒማው ወሰደው።

አስማረ ጥበቡ በተነሣ ጊዜ በእግሩ ወጥቶ ወደ ሥራው ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት፣ አዝመራ ከገባ በኋላ፣ ሦስት ሽማግሌ ላከ፤ ያን ጊዜ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ራሱ ሾፌር ሆኗል። ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው እንደ ወጉ ተለመኑና ገቡ። አያ ደምሌ ለዚሁ ተጠርቶ መጥቷል። ነገሩን ሲሰማ፣ «ይቅር ማለት አንድ ነው፤ ልጅ መስጠት ሌላ ነው» አለ። «የወንድሟን ጭንቅላት ለፈለጠ ሰው ብንሰጣት አገር ምን ይለናል?»

መልስ የሰጠው ጥበቡ ነው። የሚሰማበትን ጆሮ ወደ እነሱ አዙሮ ተቀምጧል። «አያ ደምሌ፣ የመታኝ አንድ ቀን ነው» አለ። «ያጎረሰኝ ግን ስንት ቀን? አንተው ደጃፍ ቁጭ ብለህ አይተኸዋል።»

አያ ደምሌ ጢሙን እያሻሸ ቆየና፣ «እሱስ ልክ ነው» አለ።

ያኔ ሴት ልጅ በዚህ ነገር አትጠየቅም፤ አባት ይቆርጣል፣ ያልቃል። አባቴ ግን ወደ ጓዳው ዞረው፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔ መጋረጃውን ይዤ ነው የቆምኩት። ምን ማለት እንዳለብኝ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ በልቤ ያለውን አልኩ።

«ዛሪማ ቆላ ነው፤ ወባ አለው ይላሉ። ጎንደር የሚኖር ከሆነ እሺ።»

ሽማግሌዎቹ ሊመካከሩ ገና ራሶቻቸውን ሲያገናኙ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ሽማግሌ የላከ ሰው ፈጽሞ መገኘት ከማይገባው ቦታ፣ የአስማረ ድምፅ መጣ።

«እኖራለሁ!» አለ።

አያ ደምሌ ሳይቀር ሳቀ። ኖረም።